ነጭ ነጥብ ያለበት አይነካም

ቁጡ ሰው ነኝ። ጋራዥ ውስጥ በደንበኛ ላይ ካቻቢቴ የወረወርኩበት ቀን አለ፤ ደግነቱ እጄ እንደ አፌ አያነጣጥርም።

አፌ ያገኘው ታናሽ ወንድሜን ነው። እናታችን ልቧን ታማ በእሱ መኪና ወደ ሆስፒታል ሲወስዳት፣ መኪናዋ ዳገቱ መሃል ቆመችበት። ሐኪሙ «ግማሽ ሰዓት ቀደም ብትሉ ኖሮ» አለን። ከቀብር መልስ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «አንተ ኤሊ፣ እናትህ እያጣጣረች አንተ ኮፈን ከፍተህ ትጎረጉራለህ» አልኩት። «መኪናዋ እምቢ አለችኝ» ብቻ አለኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ ስሙ በዘመድ ሁሉ ዘንድ ኤሊ ሆኖ ቀረ። ዓመት ሙሉ ሳንነጋገር ከረምን።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ታላቅ እህታችን ያችኑ መኪና እየነዳች ጋራዤ መጣች።

«ሊሸጣት ነው፤ ግን ዳገት አትወጣም። ለአንተ እንዳላሳይ ብሎኝ ነበር። ከአንተ የተሻለ ማን ያውቃታል ብዬ አመጣኋት» አለችኝና ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ጥላልኝ ሄደች።

ነድቼ ሞከርኳት። ቱርቦ ያላት የናፍጣ መኪና ናት። ሜዳ ላይ ምንም አትልም። ዳገት ላይ ስረግጣት ግን ጥቁር ጭስ ትተፋለች እንጂ አትሄድም። ሕመሙን አውቀዋለሁ፤ ቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚገፋው አየር መንገድ ላይ ያመልጣል ማለት ነው። ወንድሜ እውነቱን ነበር። ያም ሆኖ «ታዲያ ለምን አስቀድሞ አላሠራትም?» እያልኩ ነገር ፈለግሁበት።

የእኔን ሥራ የሚያውቅ ሁሉ ነጥቤን ያውቃል። ብሎን አጥብቄ ስጨርስ ነጭ ቀለም ጠብ አደርግበታለሁ። ነጥብ ያለበት ያለቀለት ነው፤ ማንም አይነካውም። ወንድሜ ሥራ ሲለማመድ አንዴ ነክቶ እጁን በመፍቻ መትቼዋለሁ። እማዬ ትስቅብኝ ነበር። የወጥ ቤቷን ቧንቧ ስጠግንላት እንኳ «ነጥቧን አድርግልኝ፤ አለዚያ አላምነውም» ትለኝ ነበር።

ኮፈኑን ስከፍት በአየር ቱቦዎቹ ማሰሪያዎች ላይ አራት ነጭ ነጥቦች አየሁ። እማዬ ከመሞቷ ሁለት ቀን በፊት ቱቦዎቹን የቀየርኳቸው እኔ ነኝ። ስለዚህ እነሱን አልፌ ሌላውን ፈተሽኩ። የቱርቦውን አየር የሚያቀዘቅዘውን ኢንተርኩለር በባትሪ መብራት አየሁ፤ ደህና ነው። ቢቸግረኝ የቱርቦውን አፍ በድፍን ጎማ ዘጋሁና ከኮምፕሬሰር ቀስ እያልኩ አየር ሞላሁበት። አየሩ ሲያፏጭ ይሰማኛል፤ ከየት እንደሆነ ግን አይለይም። የሳሙና ውሃ በብሩሽ እየቀባሁ ሄድኩ።

ሦስተኛው ማሰሪያ ሥር አረፋው ተነፋ፤ ፈነዳ፤ እንደገና ተነፋ። ነጭ ነጥቤ ከላዩ ላይ አለ። ብሎኑን በሁለት ጣቴ ያዝኩት፤ ዞረ።

ትዝ አለኝ። ቱቦዎቹን በቀየርኩበት ቀን ቀለሙ ቆርቆሮው ውስጥ እየደረቀ ስለነበር፣ ከመድረቁ በፊት ብዬ አራቱንም አስቀድሜ ነጥብ አደረግሁባቸው። ከዚያ ማጥበቅ ጀመርኩ። ሁለቱን እንደጨረስኩ አንድ ደንበኛ ጠርቶኝ ተጨቃጨቅን። ስመለስ ሦስተኛውን የጨረስኩ መስሎኝ አራተኛውን አጥብቄ ኮፈኑን ዘጋሁ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይባላል፤ እኔ ዓመት ሙሉ የሰው ሳማስል ኖሬአለሁ።

ደወልኩለት። «ና» ብቻ አልኩት። መጣ። ከስቷል፤ ወይም እኔ ዓመት ሙሉ አላየሁትም። አረፋውን አሳየሁት።

«እኔ ነኝ። አላጠበቅኩትም» አልኩት።

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከቀብሩ ማግስት። በእጄ ስነካው ዞረ።»

«ታዲያ ሳታጠብቀው?»

«ነጥብ አለበታ» አለና ፈገግ ለማለት ሞከረ። አልሆነለትም።

«ለምን አልነገርከኝም? ያን ሁሉ ስሰድብህ?»

ጨርቅ አንስቶ የሳሙናውን ውሃ ከቱቦው ላይ መጥረግ ጀመረ። ሲናገር አላየኝም።

«ያን ቀን ዳገቱ ላይ እጄ እዚችው ማሰሪያ ላይ ደርሶ ነበር። እማዬ በመስኮት አንገቷን አውጥታ ‹ነጥብ አለው?› አለችኝ። ‹አለው› አልኳት። ‹እንግዲያ ተወው ልጄ፤ ወንድምህ የጨረሰው ነው። ሌላ ቦታ ፈልግ› አለችኝ። ሌላ ቦታ ስፈልግ ነው ጊዜው የሄደው።» ጨርቁን አጣጠፈ። «አንተን አምና ነው የሞተችው። እምነቷን እኔ ምን ብዬ ላፍርሰው?»

መኪናዋ ጎን መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እንደ ልጅ አለቀስኩ። ወንድሜ ከአጠገቤ ቁጭ አለ እንጂ አይዞህ አላለኝም፤ ልክ ነው።

ከዚያ እጄን ሳልታጠብ፣ እሱ እየሰማ፣ ለእህታችን ደውዬ ሁሉን ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ቀጥሎ ስልኩን ዘጋችው።

ወንድሜ ካቻቢቴውን አቀበለኝ። ብሎኑን አጠበቅኩት። ሁለት ዙር ተኩል ብቻ ነበር የቀረው።