በሁለት ቫልቭ መሀል

ኢሲኬሊ የዓሣ ፋብሪካውን ግቢ ሲረግጥ መጀመሪያ ያየው ምንጣፎቹን ነው። ሌሊቱን አውሎ ነፋስ ደሴቲቱን ሲቀጠቅጣት አድሯል፤ ጣሪያው በደህና የተረፈው ፋብሪካው ብቻ ስለነበር መንደሩ በሙሉ እዚያ ተጠልሎ ነው ያደረው። ጠዋት ፀሐይዋ ወጥታ ምድሩን መለብለብ ስትጀምር፣ ሴቶቹ የራሰ ምንጣፋቸውንና ብርድ ልብሳቸውን አውጥተው ከትልቁ ታንከር ወደ ማቀዝቀዣው ቤት በምትሄደው ቧንቧ ላይ አሰጡት። ልጆች ከሥሯ እየተሯሯጡ ይጫወታሉ።

ታንከሩን የነደፈው እሱ ራሱ ነው። ሠላሳ ቶን ፈሳሽ አሞኒያ፣ ያ ዓይንና ሳንባ የሚያቃጥል የማቀዝቀዣ መርዝ፣ ታምቆ የሚቀመጥበት ዕቃ ቀልድ አይደለም። ብረቱ እንዲወፍር የተከራከረ፣ የተበየደው ሁሉ እንደገና በእሳት ካልታሸ አልቀበልም ያለ፣ እስከ አፉ እንዳይሞላ የከለከለ፣ አናቱ ላይ ሁለት ማስተንፈሻ ያስተከለ ሰው ነው። ቧንቧው ቢበጠስ በራሷ ጥርቅም የምትል መዝጊያም ሆዱ ውስጥ አስቀምጧል። የቀረችው አንዲት ነገር ናት፤ ለዚያች ቧንቧ የታዘዘችው ትንሽ ማስተንፈሻ። መርከቡ ዘገየ፣ ቀዳዳዋ በብሎን ተደፈነ፣ የቱና ዓሣ ወቅት ደረሰ ተባለ፣ ኢሲኬሊም እሺ አለ። «ብቻ የቧንቧዋን ሁለት ቫልቮች አንድ ላይ እንዳትዘጉ» አለ በአፉ። ፈሳሹ በሁለቱ መሀል ከታሰረ ፀሐይ ስታሞቀው ያብጣል፤ ማበጫ ሲያጣ ብረቱን ይቀደዋል። አፉን ያመነ መሐንዲስ! ወይ ነዶ!

የተናገረውስ ለማን ሆነና? ለአፖሮሲ። የማቀዝቀዣው ኃላፊ አፖሮሲ ደግሞ ታኡው፣ ማለትም በመንደር የተወረሰ የቀልድ ወንድሙ ነው። የእሱና የአፖሮሲ መንደር ሰዎች የጥንት አማልክቶቻችን ወንድማማቾች ናቸው ስለሚሉ፣ ሲገናኙ መሰዳደብና መቀማማት እንጂ ቁም ነገር አያውቁም። ታኡህ እናትህን ቢሰድብ ትስቃለህ፤ ሸሚዝህን ገፎህ ቢሄድም ትስቃለህ። መቆጣት ነውር ነው፣ እጅ ማንሳትማ ማንም ሰምቶት አያውቅም። ባለፈው እሑድ እንኳ ኢሲኬሊ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ቆሞ «አሞኒያው አመለጠ!» ብሎ ሲጮህ፣ አፖሮሲ ከነከረባቱ ዘሎ ባሕር ገብቶለታል። ደሴቱ ሲስቅ ሰነበተ።

ኢሲኬሊ ምንጣፎቹን ገለጥ አድርጎ የቧንቧዋን የግፊት መለኪያ አየ። ቀስቷ የመጨረሻው ጥግ ላይ ተጣብቃለች።

«አፖሮሲ! ቫልቮቹን ምን አደረግኻቸው?»

አፖሮሲ ከቧንቧዋ ሥር ቁጭ ብሎ ቅቅል ካሳቫ ይገምጣል። «መጣላችሁ! ሴቶች፣ ድስታችሁን ደብቁ፣ የዚያ መንደር ሰው ሌባ ነው!»

«ሁለቱንም ዘጋሃቸው ወይ?»

«አውሎ ሲመጣ ምን ይደረጋል፣ አንተ ደንቆሮ? መስኮት ይቸነከራል፣ ጀልባ ይታሰራል፣ ቀዳዳ የተባለ ሁሉ ጥርቅም ይደረጋል። አያቴም እንዲህ ነው ያደረገው። ያንተ አያት ግን አውሎ ሲመጣ ሚስቱ ቀሚስ ሥር ነበር አሉ የሚገባው!»

ሴቶቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«ቧንቧዋ ልትፈነዳ ነው! ስሙኝ! ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ!»

«ዛሬ ደግሞ እኛን ከነምንጣፋችን ባሕር ሊያስገባን ነው!» አለች አንዲት አሮጊት፤ ሳቁ ባሰ።

ኢሲኬሊ በታንከሩ በኩል ወዳለው ቫልቭ ሮጠ። እሷን ትንሽ ቢፈታት ያበጠው ፈሳሽ ወደ ታንከሩ ይመለስና ነገሩ ያበቃል። አፖሮሲ ግን ቀድሞት ቆመና በሁለት እጁ ጥብቅ አድርጎ አቀፈው። ግዙፍ ነው፤ ከአንገቱ በታች ሁሉ ጡንቻ።

«የሚጠጣ የያንጎና ሥር ካሣ ሳታመጣ አትነካትም! አንድ ሙሉ ቅርጫት!»

«በእግዚአብሔር ስም! በእናቴ አጥንት እምልልሃለሁ!»

«የእናትህ አጥንት እኛ ቤት ውሻው ይዞት ነው!»

ከቧንቧዋ ሥር አንዲት ሕፃን ቂጧን ምንጣፍ ላይ አሳርፋ ጣቷን ትጠባለች። ኢሲኬሊ አያት። ከዚያ እጁን አላቅቆ አፖሮሲን ባለ በሌለ ኃይሉ አፍንጫው ላይ በቡጢ አለው። የአጥንቱ ድምፅ ተሰማ።

ሳቁ ቁርጥ አለ። አፖሮሲ አፍንጫውን ዳብሶ መዳፉ ላይ ያለውን ደም አየው።

«መታኸኝ?» አለ ልክ እንደ ልጅ። «ታኡ፣ መታኸኝ?»

ኢሲኬሊ ደገመው። በሦስተኛው ግን የአፖሮሲ ዓይን ደም ለበሰ። አንጠልጥሎ ሲሚንቶው ላይ አፈረጠው፣ ደረቱ ላይ ወጣ፣ ፊቱን ነረተው። የኢሲኬሊ ጥርስ ተነቅሎ ከምላሱ ጋር ተቀላቀለ። ጉሮሮውን አነቀው። ወንዶች ሊገላግሉ ሮጡ፤ አንዱን በክርኑ ሲለው ተንከባለለ። «ከጨዋታ ወጣህ! ከጨዋታ ወጣህ አንተ!» እያለ ያንቀዋል፤ ይገድለው ነበር፣ ምንም ጥርጥር የለውም።

ያዳነው የአፖሮሲ ሚስት የቪሊማይና ጩኸት ነው። «ታኡ እኮ አይማታም!» ብላ ጮኸች። «እውነት ባይሆን አይመታውም ነበር! ልጆቹን አንሱ! ተነሱ እናንተ!» ሕፃኗን በአንድ እጇ መንትፋ ሮጠች። ያኔ ሁሉም እግሬ አውጪኝ አለ። ኢሲኬሊ በታነቀ ጉሮሮው «ወደ ነፋሱ! ነፋሱ ወደሚመጣበት!» ይላል፤ የሰማው ግን አልነበረም፣ ደግነቱ ቪሊማይና በዚያው በኩል ነው የመራቻቸው።

አፖሮሲ እጁን አላላ። ወደ መለኪያዋ ቀና ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ልብ ብሎ አያት። ከዚያ ተነሣና መሸሹን ትቶ ወደ ቫልቩ ሄደ።

«ተው! አሁን ተው፣ ዘግይቷል!» ኢሲኬሊ እግሩን ያዘው።

«የዘጋሁት እኔ ነኝ» አለና ደረቱን ረግጦት አለፈ።

የቫልቯን መዘውር ይዞ አንዴ ጠመዘዛት። አልደረሰም። ቧንቧዋ እንደ መድፍ ጮኸች፤ የተቀደደው ብረት ምንጣፎቹን ይዞ ጣሪያውን በሳው፤ ነጭ ጉም አፖሮሲን ዋጠው። ወዲያው ከታንከሩ ሆድ ውስጥ ድም የሚል ድምፅ መጣ። ያች የውስጥ መዝጊያ በራሷ ተዘጋች። ባትዘጋ ኖሮ ከዚያ ደሴት ማን ይተርፍ ነበር!

ኢሲኬሊ የራሰ ብርድ ልብስ ፊቱ ላይ ጠምጥሞ፣ ትንፋሹን ውጦ ጉሙ ውስጥ ገባ። በጩኸቱ አገኘው። ጎትቶ አወጣውና የዝናብ ውኃ የሞላው በርሜል ውስጥ ጭንቅላቱን ደፈቀው። አፖሮሲ እየጮኸ ይራገጣል፣ ይቧጭረዋል፣ ይነክሰዋል። ኢሲኬሊ እያለቀሰ ፀጉሩን ይዞ ይደፍቀዋል፣ ያወጣዋል፣ የዓይኑን ቆብ በጣቱ ፈልቅቆ ውኃ ያፈስበታል፣ መልሶ ይደፍቀዋል። የሩቅ ሰው ቢያይ ሰው እየገደለ ነው ባለ።

አንድም ሰው አልሞተም። የአፖሮሲ ሁለት ዓይኖች ግን ጠፉ።

ኢሲኬሊ ሆስፒታል ሊጠይቀው በጀልባ ሲሄድ መንገዱን ሙሉ ስድብ ሲያዘጋጅ ነበር፤ አዲስ፣ ታኡውን አልጋው ላይ በሳቅ የሚያፈርጥ ስድብ። በሩ ላይ ሲደርስ ቪሊማይና ለባሏ ጆሮ «እሱ ነው» አለችው።

አፖሮሲ በፋሻ የተጠቀለለ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። ሸሚዙን በዳበሳ ቆለፈ።

«ኢንጂነር፣ እንኳን በደህና መጡ። ቪሊማይና፣ ወንበር አቅርቢላቸው።»

«አንተ ጅል! ጠረንህ እኮ ወደብ ድረስ ይሰማል! ዓሣ ነው የታመመው ብዬ ልመለስ ነበር!»

ማንም አልሳቀም። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አለ አፖሮሲ። «ጥርስዎን እንደሰበርሁት ነገሩኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ኢሲኬሊ አልጋው አጠገብ ተንበረከከ። «ስደበኝ። አባቴን ስደበው፣ እናቴን ስደባት። እባክህ ስደበኝ!»

አፖሮሲ እጁን ዘርግቶ ትከሻውን አገኘና በአክብሮት ነካ አደረገው።

«ልጆቻችንን ያተረፉልን እርስዎ ነዎት። እዚያ የነበርን ሁሉ በእርስዎ ቡጢ ነው በሕይወት ያለነው፤ እሱን እስክሞት አልረሳም። ታኡ ግን ነበረኝ፣ እጁን የማያነሳብኝ። ያን ዕለት ሞተብኝ።» ትንሽ ሳለና ትንፋሹን ሰበሰበ። «ይቀመጡ እባክዎ፣ መሬት ላይ አይሁኑብኝ።»

ቪሊማይና ወንበሩን ጠጋ አደረገችለት። ኢሲኬሊ ተነሥቶ ተቀመጠ።