ጢሞ በሮዝ ካርድ

ፊደል አልቆጠርኩም። በእጄ የተቀበልኩት ሕፃን ግን ሰፈር ይሞላል፤ አንዱም ከእጄ አልወደቀም። በሥራዬ የተሳሳትኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የልጄን ልጅ ተቀብዬ «ሴት ናት!» ያልኩ ቀን። ሃያ ዓመት ሳይሞላው ራሱ «ወንድ ነኝ» ብሎ አረመኝ። አኩርፌ ከረምኩ፤ ከዚያ አመንኩ። ዛሬ ብረት በያጅ ነው። ጢሙ ፊቱን ሞልቶታልና እኔ ጢሞ ነው የምለው።

አንድ ቀን ጠዋት ሆዱን ይዞ፣ እጥፍ ብሎ መጣ። ከእምብርቱ ዝቅ ብሎ በቀኝ በኩል ጫን ባደርገው ጮኸ። ያንን ጩኸት ከስንት ሴት አፍ ሰምቼዋለሁ። የእንቁላል ከረጢቱ ዞሮ ተጠምዝዟል። ቶሎ ካልተፈታ ይበሰብሳል፤ ባለቤቱንም ይዞ ይሄዳል።

ሆስፒታል ወሰድኩት። ካርድ የምታወጣዋ ልጅ ለወንድ ሰማያዊ፣ ለሴት ሮዝ ትሰጣለች። ጢሙን አየችና ሰማያዊ ሰጠችን።

የወንዶቹ ሐኪም ነገሩን ሲሰማ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። ከዚያ መጠየቅ ጀመረ፤ ጢሙ መቼ እንደ በቀለ፣ ሚስት እንዳለው፣ ቁጭ ብሎ ይሸና እንደሆነ። ሁለት ጓደኞቹንም ጠርቶ አሳየ። ሦስት የተማረ ሰው አንድ ጢም ከቦ ቆመ፤ ሆዱን የነካ የለም።

«ያመመው እኮ ጢሙን አይደለም» አልኩት።

«እማማ፣ ይሄ የማህፀን ክፍል ጉዳይ ነው።»

ማህፀን ክፍል በር ላይ ደግሞ ነርሷ እጇን ዘረጋች። «ወንድ አይገባም! እናቶች ይሳቀቃሉ።»

«ከወንድ የሚሳቀቁ ቢሆኑማ እዚህ ምን አመጣቸው?»

ወረፋ የያዙት ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

ጢሞ ግድግዳውን ታክኮ ተንሸራተተ። ፊቱ አመድ መስሏል። «እማዬ፣ ቤት ውሰጂኝ። እዛው ልሙት።»

«ዝም በል! አንተን ስቀበል ወገቤ የተቀነጠሰው ለዚህ ነው?»

እኔ ሳልማር አንዴ ተሳስቼ ታረምኩ። እነዚህ ተምረው ተምረው ሁለት ቀለም ላይ ቀሩ።

መስኮቱ ጋ ተመለስኩ። ካርድ ለራሴ ጠየቅኩ።

«ምንዎን ነው ያመመዎት?»

«ማህፀኔን።»

«ዕድሜዎ?»

«ሰማንያ።»

ዓይኔን በጨው አጥቤ ቆምኩ። ልጅቷ ቀና እንኳ ሳትል ሮዙን አቀበለችኝ።

ስሜ ሲጠራ ጢሞን ብብቱ ሥር ገብቼ አነሳሁት። «እሱስ?» አለች ነርሷ። «ደጋፊዬ ነው» አልኳት። እሱ እጥፍ ብሏል፣ እኔ ቀጥ ብያለሁ፤ ማን ማንን እንደሚደግፍ አላየችም። ያየችው ካርዱን ነው።

ውስጥ ያለችው ሐኪም ልጅ እግር ናት። መጋረጃውን ገልጣ አልጋው ላይ ጢም ስታይ ደነገጠች።

«ካርዱ የማን ነው?»

«ካርዱ የኔ፣ ሕመሙ የሱ። መጀመሪያ ሆዱን እይ፤ ከዚያ እኔን ትሰድቢኛለሽ።»

ጓንቷን አጠለቀች። ከዚያ መሣሪያዋን ሆዱ ላይ አንሸራተተች፤ ፊቷ ተለወጠ።

«እስካሁን ማን ነው ያቆየው?»

«ሰማያዊና ሮዝ» አልኳት።

አልጋውን ራሷ እየገፋች ወደ ቀዶ ጥገና ወሰደችው። የካርድ ክፍሏ ልጅ ከኋላ እየሮጠች «ዶክተር፣ ኮምፒውተሩ ለማህፀን ክፍል ወንድ አይቀበልም!» አለች።

«በአሮጊቷ ካርድ ይግባ። ኮምፒውተሩን ኋላ እናክመዋለን።»

ከረጢቱ ሞቶ ነበር፤ አወጡት። ልጄ ግን ተረፈ። ሲነቃ መጀመሪያ የጠየቀኝ «እማዬ፣ ተሳደብሽ?» ብሎ ነው።

«ገና አልጀመርኩም» አልኩት።

ባለፈው ሳምንት ለጉልበቴ ሄጄ ነበር። ያቺው ልጅ ኮምፒውተሯን አየችና «እማማ፣ የቀዶ ጥገናው ቁስል ደረቀልዎት?» አለችኝ።

«ደርቋል። ብየዳም ጀምሬያለሁ።»

ጻፈችው።