ሰባ ሁለት ምት

"ስጪኝ እንጂ! መድኃኒት ጨብጦ መፍጠጥ ከመቼ ወዲህ ነው?" አሉ አሮጊቷ መዳፋቸውን ዘርግተው።

ነርሷ ትንሿን ነጭ የልብ ክኒን እንደያዘች ዓይኗን ከካርዱ ላይ መንቀል አቃታት። ሰኞ፣ የልብ ምት ሰባ ሁለት። ማክሰኞ ሰባ ሁለት። ረቡዕ ሰባ ሁለት። ዛሬም ገና በማለዳ ሰባ ሁለት። የደከመ ልብ እንዲህ ያለ ጨዋ ሆኖ አያውቅም፤ አንድ ቀን ይሮጣል፣ አንድ ቀን ያነክሳል። እሷ ከዓመት ፈቃድ የተመለሰችው ዛሬ ነበር። ባልደረባዋን ወደ መድኃኒቱ ጋሪ ሳብ አደረገቻት።

"ይህን ማን ለካው?"

"ራሳቸው ናቸው የነገሩን" አለች ባልደረባዋ በሹክሹክታ። "ታዲያ ምን ላድርግ? እጃችንን ይዘው ያስተማሩን ሰው 'ሰባ ሁለት ብለሽ ጻፊ' ሲሉኝ ቁጭ ብዬ ልቆጥራቸው? ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ልባል?"

እውነቷን ነው፤ ማን ይደፍራል? አሮጊቷ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የዚህ ክፍል ማትሮን፣ የነርሶቹ ሁሉ አለቃ ነበሩ። የጫማቸው ኮቴ ከኮሪደሩ ጫፍ ሲሰማ ተማሪው ሁሉ ሳቁን ይውጥ ነበር። ስማቸውን የሚጠራ አልነበረም፤ በሌሉበት "ደቂቃ" ነበር የሚባሉት። ሌላው አስራ አምስት ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ሲያባዛ እሳቸው ሙሉውን ደቂቃ ካልተቆጠረ ሞተው ይገኛሉ። "ማባዛት ለነጋዴ ነው" ይሉ ነበር። "ልብ የምታደባው ደቂቃው መሀል ላይ ነው። ታግሰሽ ካልጠበቅሻት ታመልጥሻለች።"

ነርሷ ያኔ ጋዋኗ እስከ ቁርጭምጭሚቷ የሚወርድ የአስራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። አንድ ጠዋት ማትሮኗ "እንደገና ቁጠሪ" እያሉ ወደ አንድ ሽማግሌ ታማሚ ሦስት ጊዜ መልሰዋታል። በሦስተኛው ሽማግሌው "ልጄ፣ ዛሬስ ልቤን ቆጥረሽ ጨረስሽው" አሏት። ማትሮኗ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሲስቁ ያየቻቸው ያን ዕለት ብቻ ነው። የታጠበው ሲሚንቶ ሽታ፣ የጠዋቷ ፀሐይ፣ ያ ሳቅ፤ ዛሬ ድረስ ከልቧ አልወጣም።

ተመልሳ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

"እትዬ፣ አንዴ ላዳምጥዎት።"

"ነገርኳችሁ እኮ። ሰባ ሁለት።"

"በወሬ አይጻፍም ያሉን እርስዎ ነዎት።"

አሮጊቷ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ስሚኝማ ልጄ። ዛሬ መውጣት አለብኝ። በስድስት ሰዓት ልጄ ቤቱን ለገዢዎቹ ታስረክባለች። አርባ ዓመት የኖርኩበት ቤት ነው። ባዶውንም ቢሆን አንዴ ልየው። ቁጥሩ ደህና ከሆነ ሐኪሙ ይፈርምልኛል። ማንን ገደልኩ?"

ነርሷ ማዳመጫውን ከአንገቷ አወረደች። ቤቱን ታውቀዋለች። አንድ እሁድ ተማሪዎቹን ሁሉ ምሳ ጠርተዋቸው፣ ሲመሽ እዚያ በረንዳ ላይ ተደርድረው ሳህን እያጠቡ ሲዘፍኑ ማትሮኗ ጫማቸውን አውልቀው ያጨበጭቡ ነበር። ክኒኗ እኮ ከምስር ፍሬ አትበልጥም። አንድ ቀን ብትሰጥ ማን ያውቃል?

ማዳመጫውን ከግራ ጡታቸው ሥር አሳረፈችና ሰዓቷን ማየት ጀመረች። አንድ ምት። ዝምታ። ሁለት የተጣደፉ። እንደገና ረጅም ዝምታ። ደቂቃው ሲሞላ አርባ ስምንት ላይ ነበረች፤ ምቱ ከስልሳ በታች ከወረደ ደግሞ ይህ ክኒን አይሰጥም።

"ምግብ እንዴት ነው?"

"ማን ይበላዋል? ሽታው ራሱ ያቅለሸልሸኛል። ደግሞ ይሄ ክፍል! እኔ በነበርኩበት ጊዜ ነጭ ነበር። ይህን ቢጫ ቀለም የቀባው ማነው?"

ነርሷ ቀና አለች። ግድግዳው ነጭ ነበር።

 ይህ ክኒን በደም ውስጥ ሲበዛ ዓለሙ ሁሉ ቢጫ እንደሚመስል እዚሁ ክፍል ቆመው ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። አሮጊቷ ግድግዳውን አዩ፣ ከዚያ የነርሷን ፊት አዩ።

"ቢጫ አይደለም?"

"ነጭ ነው፣ እትዬ።"

ክኒኗን ወደ ብልቃጧ መለሰች። "ዛሬ አልሰጥዎትም። አሁኑኑ ለሐኪሙ እደውላለሁ። የልብ ኢሲጂ ይነሳሉ፣ ደምዎም ይመረመራል። የሚያሸናዎት መድኃኒት የደምዎን ፖታሲየም አውርዶት፣ ክኒኗም በርትታብዎት ይሆናል።"

"ጨካኝ ሆነሻል።"

"ማን አሳደገኝና?"

የአሮጊቷ ከንፈር ፈገግ ሊል ቃጣውና ተወው። ነርሷ ካርዱ ላይ "አርባ ስምንት፣ አልተሰጠም" ብላ ፈርማ፣ ለሐኪሙ ደውላ ስትመለስ አሮጊቷ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው አገኘቻቸው። የልጃቸው ድምፅ እስከ በሩ ይሰማል።

"እማዬ፣ መኪና ልላክልሽ? ሰዎቹ መጥተዋል።"

"አትላኪ። አልመጣም።"

"እንግዲያው እስከ ነገ ላቆያቸው? ብለምናቸው እኮ እሺ ይላሉ።"

አሮጊቷ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሯቸው አዛወሩ።

"አታቆዪያቸው፤ ቁልፉን ስጪያቸው። የጓዳው መስኮት ግን፣ አባትሽ አጣሞ ነው የሰቀለው፤ ከፍ አድርገው ካልገፉት አይከፈትም። እሱን አሳዪያቸው።"