ከሸክሙ ኋላ

ጋሼ ባህረዲን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሌባ ተብለው አያውቁም። መርካቶ ውስጥ ኖሮ ሌባ ሳይባሉ ማርጀት ራሱን የቻለ ጀግንነት ነው። ያን ስም ያተረፉት እንደ ወንድም በሚያዩዋቸው በጋሼ ጣሰው ቀብር ላይ ነው፤ ያውም በስድብ ሳይሆን «አባቴ» እየተባሉ። በትሕትና የተወረወረ ነገር ደግሞ ከስድብ ይብሳል፤ መልሰው አይወረውሩትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሬሳ ሳጥኑ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ አርፎ ሳለ ጋሼ ባህረዲን ከኮታቸው ኪስ በመሐረብ የተጠቀለለ የጀብዱ ሜዳሊያ አወጡና ከላዩ ላይ አኖሩት። የቀድሞ ወታደሮች ማኅበሩ ጸሐፊ ጠጋ አላቸው።

«አባቴ፣ የሟች ሜዳሊያ እርስዎ ዘንድ ምን ይሠራል?»

«ተራዬ ስለሆነ ነዋ» አሉ ጋሼ ባህረዲን።

«የምን ተራ?»

ጋሼ ባህረዲን ግራ ገብቷቸው ቀና ብለው አዩት። ጸሐፊው ሜዳሊያውን አነሣ። «መዝገባችን ላይ ያለው ጣሰው ብቻ ነው። እስኪጣራ ማኅበሩ ጋ ይቀመጥ» ብሎ ኪሱ ከተተው። ለቀስተኛው ሁሉ ዞር ብሎ ሽማግሌውን አያቸው። ልጃቸው ሀፍሷ ሴቶቹ መሀል ቆማ ነበር፤ ደሟ ፈላ። መርካቶ ድር ተራ፣ ፎቅ ላይ የብርድ ልብስ ሱቅ ያላት፣ አከፋፋይ ነጋዴ ሁሉ የሚፈራት ሴት ናት። ያን ዕለት ግን ቀብር ላይ ናትና ምላሷን ነክሳ ቻለችው።

ተራ ያሉት ነገር ለሚያውቃቸው ሰው ግልጽ ነው። ጣሰውና ባህረዲን በጉርምስናቸው ከጉራጌ አገር አንድ ላይ መጥተው መርካቶ ውስጥ ጥንድ ሆነው ሸክም ይሠሩ ነበር። አንዱ ክርስቲያን፣ አንዱ ሙስሊም፤ መንደሩ «ጥማዶቹ» ይላቸዋል። የሶማሌ ጦርነት ሲመጣ አብረው ዘመቱ። ከጅጅጋ ወዲያ ባለች አንዲት ጉብታ ላይ ጓዶቻቸው ተከበው ጥይት አለቀባቸው። ሁለቱ ጥይቱን ተሸክመው እሳት መሀል ወጡ፤ ጉብታዋም በጠላት ሳትያዝ ቀረች። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው ይባላል፤ ያ ደግሞ ሎሚ ሳይሆን ጥይት ነበር።

ሜዳሊያ መጣ። አንድ ብቻ፣ በጣሰው ስም። ጥማዶቹ አልተከራከሩም፣ አልከፋቸውምም። አብረው ያገኙትን ሁሉ እኩል መካፈል ለምደዋል፤ ሜዳሊያ ደግሞ ለሁለት አይሰበርም። ስለዚህ በዓል ወሰነላቸው። መስቀል ሲሆን ባህረዲን ጣሰው ቤት ክትፎውን በልቶ ሜዳሊያውን ይዞ ይመለሳል፤ አረፋ ሲሆን ጣሰው ባህረዲን ቤት በልቶ ይዞት ይሄዳል። አረፋ በየዓመቱ ስለሚሸሽ የተራው ርዝመት ይለዋወጣል። አንድ ጊዜ ሁለቱ በዓላት ተጎራብተው ውለው ጋሼ ጣሰው ሜዳሊያውን ገና ግድግዳ ላይ ሳይሰቅሉት ጋሼ ባህረዲን ሊወስዱት መጡ። «ጨረቃችሁ ዘረፈችኝ» እያሉ ጋሼ ጣሰው ዓመቱን ሙሉ ቀለዱባቸው። ሀፍሷ ያደገችው ይህን እያየች ነው፤ የሁሉም ቤት ልማድ ይመስላት ነበር።

ከቀብሩ ወዲህ ጋሼ ባህረዲን ወደ ሀፍሷ ሱቅ መምጣት ተዉ። ለወትሮው ረፋድ ላይ መጥተው ደረጃው ራስ ላይ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ፤ ወጪ ወራጁን ይመርቃሉ፣ ይነተርካሉ። አሁን ግን ቤት ውስጥ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይውላሉ።

«ሰው ምን ይለኛል?» አሏት አንድ ቀን። «የሞተ ወንድሙን ጀብዱ ሰርቆ የኖረ ሰው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፤ የእኔ ስም እኔ ሳልቀበር ተቀበረ።»

ይህን የሰማች ሀፍሷ ሱቋን ዘግታ ማኅበሩ ቢሮ ሄደች። የሟች ባለቤት እትዬ ማሚቱም ሐዘን ላይ ሆነው፣ ጥቁር ለብሰው፣ አብረዋት ሄዱ። «የሁለቱም ነው፣ እኔ አውቃለሁ» አሉ እትዬ ማሚቱ። ጸሐፊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ አክብሮ አስቀመጣቸው። «እርስዎ እኮ ጦር ሜዳ አልነበሩም፣ እናቴ። መዝገቡ የሚታረመው በጊዜው የነበረ አዛዥ ቆሞ ሲመሰክር ነው። ካልሆነ ሜዳሊያው ለእርስዎ ይሰጣል፣ ነገሩም ይዘጋል።»

«እኔ የሰው ተራ አልወስድም» አሉ እትዬ ማሚቱና ተነሡ።

አዛዡ በሕይወት ነበሩ። ሻምበል ኪዳነ ማርያም ይባላሉ፤ ያኔ የመቶ አለቃ ነበሩ፣ አሁን ዓይናቸው ደክሞ ቃሊቲ ልጃቸው ቤት ይኖራሉ። ሀፍሷ አባቷን እየጎተተች ወሰደቻቸው። ሻምበል የጋሼ ባህረዲንን ድምፅ ሲሰሙ ከመቀመጫቸው ተነሥተው አቀፏቸው፤ የጣሰውን መሞት ሲሰሙ ደግሞ ብዙ አለቀሱ። ጉዳዩ ሲነሣ ግን ጀርባቸው ቀጥ አለ።

«ያላየሁትን አልመሰክርም» አሉ። «ጉብታው ራስ ላይ ሆኜ ቁልቁል እያየሁ ነበር። ያን ሸክም አዝሎ ሲወጣ ያየሁት አንድ ሰው ነው፤ ጣሰውን። አንተ ቆየት ብለህ ደረስክ። ደግሞስ 'ማነው ያመጣው?' ብዬ የጠየቅሁት አንተኑ አልነበረም? ምን አልከኝ?»

«ጣሰው አልኩዎት» አሉ ጋሼ ባህረዲን ሳያቅማሙ።

ሀፍሷ በክርኗ ጎሰመቻቸው። «እውነታቸውን ነው እኮ» አሉ ወደ እሷ ዞረው፣ ጥፋት እንደሌለበት ሕፃን።

ወደ ቤታቸው፣ ወደ አብነት ሰፈር፣ በሚመለሰው ታክሲ ውስጥ ጠየቀቻቸው። «አባዬ፣ ለምንድነው ጣሰው ያልከው?»

«ታዲያ ምን ልበል? የያዘው ጣሰው ነዋ።»

«አንተስ?»

«እኔማ ከኋላ ነበርኩ» አሉና በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመሩ። ከአከፋፋይ ጋር ተከራክራ ተረታ የማታውቅ ሴት በገዛ አባቷ ተረታች።

ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃ ነበር፤ ግን ሻምበል ለቅሶ ሳይደርሱ የሚቀሩ ሰው አልነበሩም። ሰንበትበት ብለው ደወሉና ሀፍሷ ሄዳ አመጣቻቸው። እትዬ ማሚቱ ቤት ተቀምጠው፣ አጽናንተው ሲወጡ ታክሲው እስኪገኝ ሱቋ አረፍ እንዲሉ ለመነቻቸው። እትዬ ማሚቱም ሊሸኟቸው አብረው መጡ። ጋሼ ባህረዲን እንግዳ አይጣልምና በግድ ከቤት ወጡ፤ ያን ደረጃ ራስ ወንበራቸውን ለሻምበል ለቀው አጠገባቸው በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

ሊፍቱ እንደ ልማዱ አይሠራም። ከታች በደረጃው «ዞር! ዞር!» የሚል ድምፅ መጣ። የሀፍሷ ብርድ ልብስ በቦንዳ ታስሮ በሸካሚ እየወጣ ነው። ሻምበል በደከመ ዓይናቸው ቁልቁል አፈጠጡ። የሚታዩት ትልቅ ቦንዳ፣ ከሥሩ የአንድ ሰው ያጎነበሰ ራስና የሚንቀጠቀጡ እግሮች ናቸው።

«ይሄን ሁሉ አንድ ሰው?» አሉ ሻምበል ተደንቀው።

ቦንዳው ደረጃው ራስ ላይ ደርሶ ዱብ አለ። የተሸከመው ፉርቃን የሚባል ጎልማሳ መሬት ላይ ተዘርግቶ ቀረ። ከቦንዳው ኋላ ደግሞ ሌላ ሰው፣ ጠሀ፣ ላቡን በክንዱ እየጠረገ ብቅ አለ። ሀፍሷ በየቀኑ እንደምታደርገው የሸክሙን ሒሳብ ልትመዘግብ ብዕሯን ይዛ ጠየቀች።

«ማነው ያመጣው?»

«ፉርቃን» አለ ጠሀ።

ብዕሯ አየር ላይ ቀረ። ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ ጠይቃለች፤ ይህን መልስ ስንት ጊዜ ሰምታለች። ጆሮ ግን የለመደውን አይሰማም። ሻምበልን ዞር ብላ አየቻቸው፤ እሳቸውም ራሳቸውን ወደ ድምፁ አዘንብለዋል።

«አንተስ ከየት መጣህ?» አሉት ጠሀን።

«ከኋላው ነበርኩ፣ አባቴ።»

«ታዲያ ለምን ፉርቃን አልክ?»

ጠሀ ጥያቄው ገርሞት ሀፍሷን አያት። «ሸክሙ በሱ ስም ነዋ። ጥንድ ሲሠራ የሚጠራው ከፊት ያለው ነው። ነገ እኔ ከፊት ስሆን እሱ ጠሀ ይላል።»

«ያለ አንተ ያወጣው ነበር?»

ፉርቃን ከተኛበት ሳቀ። «ያለ እሱማ ይሄኔ ከነቦንዳው ታች ነበርኩ!»

ሻምበል ወደ ጎናቸው ዞሩ። እጃቸውን ዘርግተው የጋሼ ባህረዲንን ጉልበት ያዙ።

«አንተ ሰው፣ ጦር ሜዳ መሀል የመርካቶ መልስ ነው የሰጠኸኝ?»

«ሌላ መልስ አላውቅም ነበር፣ ጌታዬ» አሉ ጋሼ ባህረዲን። «መንገድ ላይ እንዳይበተኑ የጥይት ሳጥኖቹን አንድ ላይ አሰርናቸው። ጣሰው አዘለ፣ እኔ በትከሻዬ ደግፌ ገፋሁ። እንዲህ ነው የምናውቀው።»

«ቆየት ብለህ የደረስከውስ?»

«ጉብታው ወገብ ላይ ስንደርስ እግሬን መቱኝ። ከዚያ ወዲያ በጉልበቴ እየሄድኩ ነው የገፋሁት። አናቱ ላይ ጣሰው ሜዳ ሲያገኝ ለቀቅሁት፤ እኔ ቀስ ብዬ ደረስኩ።»

ሀፍሷ አባቷን እንደ አዲስ ሰው አየቻቸው። የሚያነክሱበትን እግር ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ በጉልበታቸው ዳገት መውጣታቸውን ግን የሰማችው ገና አሁን ነው።

«አባዬ፣ ይሄን ለምን አልነገርከኝም?»

«እግሬን ያመኛል እያልኩሽ አይደል የኖርኩት?»

እትዬ ማሚቱ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የመጀመሪያቸው ነበር። ሻምበል ግን አልሳቁም። «ያ ሸክም ከአንድ ሰው ጀርባ የሚወጣ አልነበረም» አሉ። «ይህን ማሰብ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ከላይ ሆኖ ቁልቁል የሚያይ ሰው ሸክሙን እንጂ ከሸክሙ ኋላ ያለውን አያይም። ልጄ፣ ታክሲው ሲመጣ ወደ ማኅበሩ አዙሪው። ዛሬ ነው የምመሰክረው።»

መሰከሩም። ጸሐፊው ቃላቸውን ተቀብሎ ወደ ሠራዊቱ መዝገብ ቤት ላከ። ጉዳዩ እንደ ቢሮ ጉዳይ ሁሉ ተኛ፤ ሀፍሷ ደግሞ ነጋዴ ናትና ተመላልሳ ቀሰቀሰችው። በመጨረሻ ታረመ። ከጣሰው ስም ቀጥሎ፣ በዚያው ቀን፣ በዚያችው ጉብታ፣ የባህረዲን ስም ገባ። የማንም ስም አልተሰረዘም።

የማኅበሩ አዳራሽ ትንሽ ነው፤ ያን ዕለት ግን ግማሹ ድር ተራ መጥቶ ሞላው። ፉርቃንና ጠሀ እንኳ ሸሚዛቸውን ቀይረው ከኋላ ቆመዋል። ጸሐፊው አስቀድሞ የድሮውን ሜዳሊያ ለእትዬ ማሚቱ አስረከበ። ቀጥሎ ጋሼ ባህረዲን ፊት ቆሞ፣ ከሁሉ በፊት በዚያ ቀብር ላይ ስለተናገረው ይቅርታ ጠየቃቸው። ሽማግሌው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። አዲሱን ሜዳሊያ ደረታቸው ላይ ሲያደርግላቸው ሀፍሷ አንገቷን አስግጋ አየቻቸው። እንዲህ ቀጥ ብለው ሲቆሙ አይታቸው አታውቅም፤ በአባቷ ኮራች።

«እስቲ ከአንደበትዎ እንስማው» አለ ጸሐፊው ማይኩን እያቀበላቸው። «ያን ቀን ጥይቱን ጉብታው ላይ ያወጣው ማነው?»

ጋሼ ባህረዲን ማይኩን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ጣሰው» አሉ።

ጸሐፊው ዓይኑ ፈጠጠ። ሀፍሷ የመዝገቡ ነገር እንደገና ሲፈርስ ታያትና ልትነሣ ስትል እትዬ ማሚቱ ቀደሟት። ጥቁር ልብሳቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ የባላቸውን ሜዳሊያ ደረታቸው ላይ ይዘው ቆሙ። በሟቹ ቦታ፣ በጥንዱ ቦታ።

«ጣሰው ከኋላ ሆኗል» አሉ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ። «ዛሬ ከፊት ያለኸው አንተ ነህ። ያመጣው ባህረዲን ነው።»

ከኋላ ጠሀ «ባህረዲን!» ብሎ ደገመው። ፉርቃን ተከተለ፤ ከዚያ ድር ተራ በሙሉ ስሙን ተቀባበለው፤ ሻምበል ኪዳነ ማርያምም ከመቀመጫቸው ተነሥተው ሰላምታ ሰጡ። ጋሼ ባህረዲን የገዛ ስማቸው ሲጠራ ልክ ሸክም እንደ ወረደለት ሰው ወገባቸውን ይዘው ቆሙ። ሀፍሷም እዚያው፣ ሰው ሁሉ ፊት፣ ሳታፍር አለቀሰች።