የአጀቡ ጭራ

ዩሊን ስታክሃውስ ማርሎው ከተማን የምትወደውን ያህል ነዋሪዎቹን ትንቅ ነበር። አሮጌዎቹን አይደለም፤ አሮጌዎቹማ አብዛኞቹ መቃብር ገብተዋል። የምትንቀው የካሮላይና ብርድ ቀላል ነው ሲባል ሰምተው ከሰሜን የአሜሪካ ግዛቶች ግልብጥ ብለው የመጡትን ነው። ውሻቸውን በሕፃን ጋሪ የሚገፉትን፣ የበቆሎ ገንፎ ላይ ስኳር የሚነሰንሱትን፣ በረንዳ አሠርተው በረንዳው ላይ የማይቀመጡትን። አያቷ በብናኙ ሳንባዋን የጨረሰችበት የጥጥ ፋብሪካ አሁን አፓርታማ ሆኗል፤ ተከራዮቹ ጡቡን እየደባበሱ "እንዴት ደስ ይላል!" ይላሉ።

ከሁሉ በላይ ግን የናቀቻቸው ለሬሳ ስለማይቆሙ ነው። በማርሎው የቀብር አጀብ ሲያልፍ ሟቹን ያወቀም ያላወቀም መኪናውን ዳር ያስይዛል፤ ኮፍያ ያለው ያወልቃል። አጀቡ ውስጥ ያለ መኪና ሁሉ በጠራራ ፀሐይ የፊት መብራቱን አብርቶ፣ ቀይ መብራት ቢይዘውም ፊት ያለውን ተከትሎ ያልፋል። ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም፣ እናት ትበቃለች። መጤዎቹ ግን ጥሩምባ ይነፋሉ። ዩሊን ባየቻቸው ቁጥር "ምን ዓይነት እናት ናት ያሳደገቻቸው?" ትላለች።

ያን ቅዳሜ የሚቀበረው ታናሽ ወንድሟ ሆሊስ ነበር።

ሆሊስ የአባታቸውን የኮክ እርሻ ለቤት ሠሪዎች ከሸጠ ወዲህ ተኳርፈው ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ሲታመም ሚስቱ ጁዲት ደጋግማ ደውላለች። ጁዲት የኦሃዮ ሴት ናት፤ እሷም ከሰሜን የመጣች። ዩሊን "ወንድሜ ከፈለገኝ ራሱ ይደውል" ብላ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋችባት። ሆሊስ ለካ መናገር ከተሳነው ሰንብቷል።

አሁን የቀራት አንድ ነገር ብቻ ነው። በስታክሃውስ ቤት የሬሳ ሳጥን ከመውረዱ በፊት በዕድሜ ታላቅ የሆነው እጁን ሳጥኑ ላይ ያሳርፍና "ሂድ፣ ምንም የለብህም" ይላል። ያ ሳይባል የወረደ ስታክሃውስ የለም። ዩሊን በቁሙ የነፈገችውን ይቅርታ እዚያ ልትሰጠው ቆርጣ ነበር፤ ሳትሰጠው ብትቀር እንዴት እንደምትኖር አታውቅም።

ቢሆንም ከቤተሰቡ መኪና አልገባም አለች። "ከኦሃዮ ጋር ጉልበት ለጉልበት ልቀመጥ?" ብላ የአጎቷን ልጅ ዋይሊን አሮጌ ቡዊክ መኪናዋ ውስጥ ከጎኗ አስቀምጣ ከአጀቡ ኋላ ተሰለፈች። ከእሷ በስተኋላ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች የያዙ ሦስት መኪኖች ብቻ ነበሩ።

አዲሱ ሰፊ መንገድ ላይ ሲደርሱ መብራቱ ቀይ ሆነ። የፊተኞቹ አለፉ። ዩሊን ልትከተል ስትል አንዲት ነጭ መኪና ከጎን መጥታ ፊቷ ድንቅር አለች።

"አየሃት? ሬሳና እኔ መሃል ገባች!" አለች ዩሊን መሪውን በመዳፏ እየመታች።

"መብራቷን አብርታለች እኮ" አለ ዋይሊ። "ለቀስተኛ ትሆናለች።"

"እንግዲያውስ የጁዲት ዘመድ ናት። አነዳዷ ይመሰክራል።"

ነጯ መኪና ሄደች፤ ዩሊን ተከተለች፤ ሦስቱም ዩሊንን ተከተሉ። ነጯ ወደ ግራ ስትታጠፍ ዋይሊ ጉሮሮውን ጠረገ። "መቃብሩ በዚህ ነው እንዴ?"

"ቀባሪዎቹ አቋራጭ አግኝተው ይሆናል። መብራት ያበራ ከአጀብ አይወጣም፤ ይሄን አባቴ ነው ያስተማረኝ።"

ሁሉም ግራጫ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት በሆኑ ቤቶች መሃል ተጠማዝዘው አንዱ ደጃፍ ላይ ቆሙ። የስፖርት ሱሪ የለበሰች ወጣት ከነጯ መኪና ወርዳ፣ መብራታቸውን ቦግ አድርገው የተደረደሩትን አራት መኪኖች ስታይ የመኪናዋን ቁልፍ ደረቷ ላይ ጨበጠች።

"ምን... ምን ፈልጋችሁ ነው?"

"ሬሳው የታለ?" አለች ዩሊን በመስኮት።

ልጅቷ ክው አለች። ዋይሊ ወርዶ ነገሩን አስረዳት።

"ታዲያ መብራትሽን ለምን አበራሽ?" አለች ዩሊን።

"እኔ አላበራሁትም። መኪናው ራሱ ነው የሚያበራው።"

"እንግዲህ ራሱ ያልቅሳ!"

ልጅቷ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። "በጣም ይቅርታ። መቃብሩን ስልኬ ላይ አገኘሁት፣ ሩቅ አይደለም። ተከተሉኝ፣ እኔ አደርሳችኋለሁ።"

"ተባረኪ ልጄ" አለ ዋይሊ።

"አትባርካት!" አለች ዩሊን። "ስሚ አንቺ፣ እኔ እዚህ ስወለድ ይሄ ሁሉ ጫካ ነበር። ከሚቺጋን የመጣ ሰው አባቴ ወደ ተቀበረበት መቃብር እየመራ አይወስደኝም።"

"ከሚኒሶታ ነኝ።"

"ያው ነው።"

ዋይሊ ተመልሶ መኪናው ውስጥ ገባ። "ሰዓቱ እየሄደ ነው ዩሊን። ብንከተላት ምን አለበት?"

"የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ሲባል አልሰማህም?"

"ሰርዶው ላይ አስፋልት አፍስሰውበታል እኮ።"

ዩሊን መኪናዋን አዙራ በረረች። በድሮው ወፍጮ ቤት በኩል ልታቋርጥ ሄደች፤ ወፍጮ ቤቱ ቢራ መሸጫ ሆኖ መንገዱን ጠረጴዛ ሞልቶታል። በወንዙ ድልድይ ሞከረች፤ ድልድዩ ለብስክሌተኞች ተሰጥቷል። አንድ አደባባይ ገብታ ዞረች፣ ዞረች፣ መውጫው ጠፋትና እንደገና ዞረች። ከኋላዋ የሚከተላት መኪና እንደሌለ ያወቀችው ያኔ ነው።

"የት ሄዱ?"

"ልጅቷ ጋ ቀሩ" አለ ዋይሊ።

"ከሃዲዎች!" አለች። ባገኘችው መውጫ ወጥታ ነዳጁን ረገጠች፤ ፈርታ ነበር።

መቃብሩ ጋ ሲደርሱ ሁለት ሠራተኞች ወንበር እያጠፉ ነበር። ጉድጓዱ ተደፍኗል። የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ቆመዋል፤ ከእነሱ ጋር ያቺ የሚኒሶታ ልጅ፣ የሰው ጥቁር ኮት በስፖርት ሱሪዋ ላይ ደርባ፣ እጆቿን አጣምራ ቆማለች።

ጁዲት ወደ ዩሊን መጣች። ዓይኗ አብጧል።

"ጠበቅንሽ" አለች። "ፓስተሩን ለመንኩት፣ ሦስቴ አስቆምኩት። ሌላ ቀብር ነበረበት። ሆሊስ ሳይታመም ሳጥኑ ላይ ስለሚያርፈው እጅ ነግሮኝ ነበር፣ ታላቁ ነው የሚያደርገው ብሎ። አንቺ ስትቀሪ... እኔ እጄን ጫንኩለት። 'ሂድ፣ ምንም የለብህም' አልኩት። ልክ ነው ያልኩት?"

ዩሊን አፏን ከፈተች። ልክ ነው ብላ መመለስ ነበረባት፤ ልክ ነበርና። ውስጧ በሐዘንና በኀፍረት ተቃጠለ፣ ምላሷ ግን የለመደውን ብቻ ነው ያመጣላት።

"እነዚህ ሰዎች" አለች፣ "መኪና መንዳት አያውቁም።"

ዋይሊ ክንዷን ያዛት።

"ዩሊንዬ" አለ ቀስ ብሎ፣ "ስትነጂ የነበርሽው አንቺ ነሽ።"