የጥዱ ሽበት

«ስንት ጣውላ ይወጣዋል ብለሽ ነው የምትለኪው?» አሉ አለቃ ወልደ ኪዳን፣ መቋሚያቸውን በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ባለው ጥድ ላይ አስደግፈው።

ወለተ ሐና ማስመሪያዋን ወደ ኋላዋ ሸሸገች። በ1960 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ዓመቷን ቢቸና ሳይንስ እያስተማረች የምታሳልፍ ዓይነ አፋር ልጅ ነበረች። የምትፈልገው ዛፉን ሳይሆን ከቅርንጫፉ ላይ በቅሎ እንደ ጢም የተንጠለጠለውን ግራጫ የዛፍ ሽበት መሆኑን እስክታስረዳ ላብ አጠመቃት። አለቃ ነገሩ ሲገባቸው ሳቁ። የቤተ ክርስቲያን ዛፍ አይነካም፤ ነፋስ የጣለውን ግን ልቀሚ አሏት።

ሽበቱ ኡስኒክ አሲድ የሚባል ቢጫ ነገር አለው፤ ባክቴሪያ ያጠፋል ይባላል። የጎጃሙም እንደሚያጠፋ ካሳየች ፕሮፌሰሯ የመመረቂያ ጥናቷ እንዲሆን ይፈቅዱላታል፤ ካልሆነ ርእሱ ለሌላ ተማሪ ይሰጣል።

ሞጣ ያለው ጤና መኮንን አካለ ወልድ ከቁስል መግል ያራባውን ባክቴሪያ በሁለት የብርጭቆ ሳህን ሊሰጣት ተስማማ። እሷም ሽበቱን በውኃ አፍልታ፣ ቁራጭ ወረቀት ነክራ፣ በጭነት መኪና ሞጣ ሄዳ በአንዱ ሳህን ላይ አኖረችው። በማግስቱ የመጀመሪያው ሳህን ባክቴሪያ ጢም ብሎበት ተገኘ።

«ሽበትማ አባቴም አላቸው፣ ወይዘሪት» አለ አካለ ወልድ። «ጀርም ሲገድሉ ግን አላየሁም።»

ስህተቷ የገባት ቢቸና ስትመለስ ነው። መድኃኒት ሁሉ በውኃ ሲፈላ እያየች አድጋ፣ ያ ቢጫ ነገር በውኃ እንደማይሟሟ ዘነጋችው። የሚያሟሟው አልኮል ነው፤ ትምህርት ቤቱ ደግሞ አልኮል የለውም።

እናም በሁዳዴ ጾም፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አስተማሪዋ የእትዬ ይርጋነሽ አረቄ ቤት ስትገባ ገበያተኛው ሁሉ አየ። ሁለቴ የወጣውን ብርቱ ዳግም አረቄ ጠየቀች። ለማን ነው ሲሏት፣ ማስረዳቱ ረዘመባትና ለራሴ አለች።

«እንግዲያው በባዶ ሆድሽ እንዳትቀምሺው፣ ልጄ» አሉ እትዬ ይርጋነሽ ጠርሙሱን እያቀበሉ። «ይኸ በቅሎ ይጥላል።»

ሽበቱ ያደረበት አረቄ ቢጫ ሆነ። ወረቀት ነክራ አደረቀች። አረቄው ነው የገደለው እንዳይባልም፣ በአረቄ ብቻ የተነከረ ሌላ ወረቀት አደረቀች። ሁለቱንም ሞጣ ወስዳ፣ አካለ ወልድ አዲስ ባክቴሪያ በቀባበት በቀረው ሳህን ላይ አኖረቻቸው።

በማግስቱ አካለ ወልድ ክዳኑን አነሣና ጎንበስ ብሎ አየ። ባክቴሪያው ሳህኑን ወርሶታል፤ የአረቄውን ወረቀት ጥግ ድረስ ከብቦታል። በሽበቱ ወረቀት ዙሪያ ግን ጥርት ያለ ባዶ ክብ ነበር።

«ሸሸ እኮ» አለ ቀስ ብሎ።

«መሸሻም የለው» አለች ወለተ ሐና። «እዚያ መብቀል አቃተው።»

ሳቋ መጣ፤ አላፈነችውም። አካለ ወልድ የጤና ጣቢያውን ሠራተኞች ጠራ፤ እሷም ሳህኑን ከፍ አድርጋ ይዛ ለሁሉም አስረዳች።

ርእሱ ተፈቀደላት፤ በመስከረም አዲስ አበባ ተመልሳ ጥናቷን ጀመረች።