ሁለት ቀን ሲቀራት

1.

«እንጥሽ!»

2.

ሃምሳ ልጆች በአንድ አፍ፦ «ይማርሽ!»

አራተኛ «ለ» ክፍል፣ ደብረ ብርሃን፣ ሰኔ። ልጆቹ ብርድ ይመታናል ብለው መስኮት ይዘጋሉ፤ እኔ እከፍታለሁ። ያስነጠሰችው ኤልዳና ደምሰው ናት፤ አፍና አፍንጫዋን በክንዷ ሸፍና። ይህን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ልኮራ ነው፣ ታገሡኝ።

3.

ግድግዳው ላይ በእጄ የጻፍኳቸው፦

ሀ. ትኩሳት ያለበት ቤቱ ይረፍ።

ለ. አንድም ቀን ያልቀረ ይሸለማል።

አንባቢ ሆይ፣ አንድ ላይ ያንብቧቸው። በአንድ ራስ ሁለት ምላስ ማለት ይሄ ነው። እኔ ግን እስከዚያ ቀን ልብ አላልኩም ነበር።

4.

(ወደ በር ጠርቻት የተባለው)

እኔ፦ ግንባርሽ እሳት ሆኗል። ለምን መጣሽ?

ኤልዳና፦ ቲቸር፣ ሁለት ቀን ነው እኮ የቀረኝ! ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ቀርቼ አላውቅም። አባዬ ለምስክር ወረቀቱ ፍሬም ሠርቶ ጨርሷል።

እኔ፦ ግድግዳው ላይ ምን ይላል?

ኤልዳና፦ የትኛው?



5.

አፈርኩ።

አምና በዚሁ ሳምንት አንድ ልጅ ሽልማቱ እንዳያመልጠው ታሞ መጣ። ከእሱ ተይዘው ዘጠኝ ልጆች ተኙ። የአንዷ ሕፃን ወንድም ሆስፒታል ገባ። ሽልማቱን ያወጣሁት ደግሞ እኔው ነኝ።

6.

ደውዬላቸው አባቷ አቶ ደምሰው መጡ።

«መምህር፣ ለሁለት ቀን ብላ አራት ዓመት ልታጣ?»

የመለሰችላቸው እሷ ናት።

«አባዬ፣ አብራኝ የምትቀመጠው ሚልካ አስም አለባት።»

ቦርሳዋን አነሳች። እያለቀሰች ወጣች፤ ማንም ግን አልገፋትም። በሃያ ዓመት የማስተማር ሥራዬ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

7.

ስም መጥሪያው ላይ፦

ኤልዳና ደምሰው    ✓   ✓   ✓   ቀ   ቀ

ሁለት ቀን ሲቀራት፣ ሁለት ቀን ቀረች።

8.

የወላጆች በዓል። ኤልዳና ድናለች። ሚልካ ደህና ናት፤ ከፊት ተቀምጣለች።

ርዕሰ መምህሩ የሰጡኝ የተሸላሚዎች ዝርዝር ላይ ኤልዳና የለችም። እኔ ግን ማይኩን ይዤ «ኤልዳና ደምሰው!» አልኩ። ርዕሰ መምህሩ ዞረው አዩኝ። ይዩኝ።

አቶ ደምሰው ከኋላ ተነሡ።

«መምህር፣ ምስክር ወረቀቱ ስለ ምን ተሸለመች ነው የሚለው? ጮክ ብለው ያንብቡልኝ!»

ወረቀቱን አየሁት። ከስሟ በታች ብዙ ጽፌ፣ ሁሉም አንሶባት ሰርዤው ነበር። ሕዝቡ ይጠብቃል። እስክሪብቶ የያዛችሁ፣ እባካችሁ ሙሉልኝ፦

ተሸላሚ፦ ኤልዳና ደምሰው

የተሸለመችበት ምክንያት፦ ______________________